በባቄላ ስም የበቀለው

መምህርነት አንድ ክፉ በሽታ አለው፤ «አላውቅም» የምትለው ቃል ከአፍ አትወጣም። ሐኪም «ምርመራ ያስፈልጋል» ብሎ ያመልጣል፤ መካኒክ «ዕቃው ከአዲስ አበባ ይምጣ» ይላል። መምህር ግን ስልሳ ዓይን ተተክሎበት ወዴት ይሸሻል? አፉ ያመጣለትን ይናገራል፤ ከዚያ ወዲያ ለተናገረው ሲሟገት ይኖራል።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ብርድ ነው ያሳደገኝ። ሰመራ ተመድቤ የሳይንስ ክበቡን ስረከብ አንድ መምሪያ መጽሐፍም አብሮ ተሰጠኝ። ጥጥ በብርጭቆ አድርጉ፣ ውኃ አርከፍክፉ፣ ባቄላ ቅበሩበት፣ ሲበቅል ተመልከቱ ይላል። ከዚህ የቀለለ ምን አለ? ባቄላውን እኔ ገዛሁ። ልጆቹ በብርጭቆ ፈንታ አፉ የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ አመጡ። ጥጡን ደግሞ አሲያ የምትባል የክበቡ ልጅ ዱብቲ ጥጥ እርሻ ላይ ከሚሠራው አጎቷ በማዳበሪያ ጆንያ አስመጣችልን። ለእኔ ጥጥ ማለት ከፋርማሲ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ነው። ይኼኛው ሲዳብሱት ውስጡ ጠጠር ጠጠር ይላል። «ቆሻሻ ነው፣ ግድ የለም» ብዬ አለፍኩት።

አሲያ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጥያቄዋ አያልቅም። አባቷ ጋሽ እንድሪስ ከወሎ መጥተው ዱብቲ ጥጥ ላይ ጉልበታቸውን የጨረሱ፣ አሁን ትምህርት ቤታችን አጠገብ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሱቅ እንድትቀመጥላቸው ይፈልጋሉ፤ ፕላስቲክ ውኃ ስታጠጣ የምትውልበት ትምህርት አልገባኝም አሉኝ። ለመንኳቸው። እሺ፣ የመጪው ሳምንት ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ፣ ረብ ያለው ነገር ካላየሁ ግን ኢንሻአላህ ከሰኞ ጀምሮ ሱቅ ትገባለች ብለው ቆረጡ። አሲያ ይህን ስትሰማ ዓይኗ በእንባ ግጥም አለ፤ አንጀቴን በላችው። ደግሞስ እሷ ከወጣች ክበቡ ውስጥ ማን ይቀራል? ጥላ ፍለጋ የሚመጣው ነው።

በስድስተኛው ቀን በየፕላስቲኩ ሁለት ሁለት ቅጠል ብቅ አለ! እልል ማለት ነው የቀረኝ። «ይኸውላችሁ ባቄላ!» ብዬ አወጅሁ፤ ካርቶን ላይም በትልቁ ጻፍኩት። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ «ባቄላው በቀለ» ብለው ጻፉ፤ ለሁሉም ራይት ሰጠሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና አሲያ ግን በእርሳስ ጫፍ ቆፍራ ኖሯል። «ባቄላው በስብሷል። የበቀለው ከጥጡ ውስጥ ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም» ብላ ጻፈች።

ግድግዳው ላይ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ብዬ የለጠፍኩት እኔው ነኝ፤ አልክድም። ግን ቅዳሜ ደርሷል፣ ለአባቷ የማሳየው የበቀለ ባቄላ ያስፈልገኛል፤ የበሰበሰውን ማን ጠየቀ? በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግሁባት። ልጅቷም «እሺ ቲቸር» ብላ ደብተሯን ዘጋች። እሺታዋ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ጋሽ እንድሪስ ሽርጣቸውን አገልድመው ከተፍ አሉ። እኔ ከፊት ከፊታቸው እየሄድኩ ስለ ባቄላ ሥር፣ ስለ ባቄላ ግንድ፣ ባቄላ ለሰው ልጅ ስለዋለው ውለታ ስደሰኩር፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው አንዷን ቅጠል በሁለት ጣታቸው ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። መምህር፣ ይኼንን ስኮተኩት ነው ፀጉሬ የሸበተው፣ ወላሂ ጥጥ ነው አሉኝ። ያልተዳመጠ፣ ፍሬው ከውስጡ ያልወጣ ጥጥ ውኃ ሲያገኝ ይበቅላል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል? ባቄላውማ ደገኛ ነው፣ የእኛን ሙቀት የት ይችላል? ብለው ጨመሩ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ይባስ ብለው የልጃቸውን ደብተር አነሡ። አነበቡ። ቀዩን ኤክስ አዩ፤ ቀና ብለው እኔን አዩ። አለቀልን አልኩ፤ የባሰው ደግሞ የሚያልቀው በእሷ ላይ መሆኑ ነው። እንደ ምንም ብዬ፣ ጋሽ እንድሪስ፣ እሷ ልክ ነበረች፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ እባክዎ በእኔ ጥፋት ልጅቷን አያስወጧት አልኳቸው።

ጋሽ እንድሪስ ደብተሩን ለአሲያ መለሱላትና ሱቁን እኔው እጠብቃለሁ፣ እሷ እዚሁ ትቆይ አሉ። አሲያ ዘላ እጃቸውን ሳመች። እኔም ለማመስገን አፌን ስከፍት ቀደሙኝ፤

«እሷ ከወጣች እርስዎን ማን ያስተምራል?»