አበስብስልኝ ብዬ የጸለይኩበት ከረጢት

«ከመማልህ በፊት እየው» ይል ነበር አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና። በግ ስንሸጥ ይለዋል፣ ማር ስንሸጥ ይለዋል። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ወላሂ ካላልኩለት ገዢው መች ይሰማኛል?

ሱቄ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ፌስታል ይቅር መባል ሲጀምር የጨርቅ ከረጢት መስፋት ያዝኩ። ኮምቦልቻ ወርጄ የጥጥ ቁርጥራጭ አመጣለሁ፣ እሰፋለሁ። በሩ ላይም «ሲጣል አፈር የሚሆን» ብዬ ለጠፍኩ። በምን አወቅህ አትሉኝም? ጥጥ አይደል እንዴ!

ትልቁ የሸቀጥ ነጋዴ ሐጂ ኢብራሂም ከረጢቱን አገላብጠው አዩት። ለሱቆቻቸው ሁሉ ሊያሰፉኝ አስበዋል። ትዕዛዙን ካገኘሁ ቤቴ ቆመ ማለት ነው። ካጣሁት የስፌት መኪናዬን መሸጤ ነው።

«አፈር ለመሆኑ ማስረጃህ ምንድነው?» አሉኝ።

«ወላሂ ሐጂ፣ ይሆናል።»

«ወላሂህን ተወው። ያም ሰውዬ ወላሂ ብሎኛል» አሉና አንድ የሚያብረቀርቅ ከረጢት አወጡ። አረንጓዴ ቅጠል ተስሎበታል። እሱም አፈር ይሆናል ተብሎ ነው የመጣላቸው።

ምን አደረግን? ሁለቱንም ይዘን በሚኒባስ ቦሩ ሜዳ ሄድን። በእህታቸው እርሻ ጥግ፣ ፍግ የበዛበት ቦታ ጎን ለጎን ቀበርናቸውና ድንጋይ ጫንንባቸው። ክረምቱ ሲወጣ ልናያቸው ተስማማን።

የዚያን ክረምት ዱዓዬን ብትሰሙ! ሌላው ነጋዴ ዕቃዬን ከብል ጠብቅልኝ ይላል። እኔ ከሱብሂ ሰላት በኋላ እጄን ዘርግቼ «ያረቢ፣ አበስብስልኝ» እላለሁ። ሚስቴ እየሰማች በነጠላዋ አፏን ትሸፍናለች።

ክረምቱ ወጣ፣ ሄደን ቆፈርን። የዚያ ሰውዬ ከረጢት እንዳለ አለ፤ ቅጠሉማ ታጥቦ ጭራሽ አምሮበታል። የእኔን ብንፈልገው ጨርቅ የሚባል የለም። አልሐምዱሊላህ ብዬ ልሰግድ ስል፣ ሐጂ ከአፈሩ ውስጥ አንድ ረጅም ነገር በጣታቸው መዘዙ።

«ይሄስ?»

የሰፋሁበት የናይለን ክር ነው። አንድ ስፌት አልጎደለውም።

«እሱማ ክር ነው፣ ሐጂ።»

«ክሩ የማን ነው? የቦሩ ሜዳ ነው?»

እኛ ልብስ ሰፊዎች ክርን ከዕቃ ቆጥረነው እናውቃለን? ትዕዛዙ ሄደ ብዬ ቆምኩ።

ሐጂ ግን ክሩን እጄ ላይ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ሂድ፣ ያየነውን ጻፍ። ያየነውን ብቻ ከጻፍክ ትዕዛዙ ያንተ ነው።»

የድሮውን ቀድጄ አዲስ ለጠፍኩ፦ «ጨርቁ ቦሩ ሜዳ ተቀብሮ በአንድ ክረምት በስብሷል። ክሩ አልበሰበሰም።» ሚስቴ «የራሱን ጉድ በር ላይ የሚለጥፍ አንተን ብቻ አየሁ» አለች። ለቀናት አኮረፈችኝ። ከዚያ የሐጂ ትዕዛዝ መጥቶ ገዢውም ሲጎርፍ ኩርፊያዋን ትታ ማንጠልጠያ ልትሰፋ መጣች። ቅጠል የተሳለበት ከረጢት ሻጩ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያየናል።

በዚህ አላበቃሁም። በጥጥ ክር ሰፋሁና በቀጣዩ ክረምት እዚያው ቀበርኩ። ስንቆፍር ክር የለ፣ ጨርቅ የለ፣ ሐጂም የሚመዙት አጡ። በናይለን የተሰፋው ከነጽሑፉ ገና አላለቀም፤ ከጎኑ በኩራት «ክሩም በስብሷል» ብዬ ለጠፍኩ።

በማግስቱ ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ የማላውቀው ሰው ሁለቱንም ጽሑፍ አነበበ። አዲሱን ከረጢት አገላበጠ፣ ስፌቱን ሳብ ሳብ አደረገና መልሶ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ይሄ እንከን የለኝም ይላል፤ ያኛውን ክሩ የማይበሰብሰውን ስጠኝ፣ እሱ ይታመናል።»