ውስጥ ወይስ ውጭ? የባለ አንድ አባሉ ኮሚቴ ጥናት

በየቤተሰቡ አንድ የማይበተን ኮሚቴ አለ። ሊቀ መንበሩም፣ ጸሐፊውም፣ ድምፅ ሰጪውም አንድ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ዳቦ ግዛ ሲባል ሦስት ዳቦ ቤት ዞሮ ባዶ እጁን ይመለስና "ጥናቱ አላለቀም" ይላል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ መዘግየቱ አይደለም፤ ውሎ አድሮ ትክክል ሆኖ መገኘቱ ነው።

ፋርማሲስቷ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር አሥራ ሦስት ዓመት በትዳር ኖራለች። ባሏ የመሬት ቀያሽ ነው፤ በሥራ ቦታውም፣ በዘመድ ዘንድም፣ በገዛ ልጆቹ አፍም "ኮሚቴው" ይባላል። ሲብስባት እሷ ራሷ "ክቡር ኮሚቴ" ትለዋለች። እሱ ቅር አይለውም፤ ማዕረጉ በማኅተም የተሰጠው ይመስል አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይቀበላል። የዘወትር ቃሉ "በመረጃ እንነጋገር" ነው። ቀያሽ በመሆኑም እግሩ ሥራ አይፈታም፤ የትም ሲሄድ እርምጃውን በሹክሹክታ ይቆጥራል። በተዋወቁ ሰሞን ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይታ ጸሎተኛ ነው ብላ ደስ ብሏት ነበር። ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ቤቷ በር አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ መሆኑን የነገራት በሦስተኛው ቀጠሮ ነው።

ሶፋ የገዙበት ዘመን በቤተሰቡ ታሪክ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ኮሚቴው ሶፋው ከመምጣቱ በፊት ልኩን ሳሎኑ ወለል ላይ በጠመኔ አሰመረና "ሁለት ሳምንት እንኑርበትና እንየው" አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤተሰቡ በሌለ ሶፋ ዙሪያ ሲዞር ከረመ። አንድ ቀን የሚስቱ ታናሽ እህት ልትጠይቃቸው መጥታ መሐል ሳሎን ቆማ ስታወራ፣ ኮሚቴው በትሕትና ጎንበስ ብሎ "ይቅርታ እህቴ፣ ሶፋው ላይ ቆመሻል" አላት። እህትየዋ ደንግጣ ወረደች። ይቺ ወሬ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ሳትነገር አታልፍም።

ማቀዝቀዣውማ ስምንት ወር ፈጀ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሲላት፣ ፋርማሲስቷ "እንቁላሉስ ይሂድ፤ ወተቱ ነው የሚበላሸው!" ብላ የጮኸችው ያኔ ነው። ለሐቁ ከሆነ ያ ማቀዝቀዣ ዛሬ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አስነጥሶት አያውቅም። ይህን ግን ለኮሚቴው ማንም አይነግረውም፤ ስብሰባ ይጠራበታል። ፊት ለፊት የሚስቁበት ዘመዶቹም ቤት ሊከራዩ ወይ ልጅ ትምህርት ቤት ሊያስገቡ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእሱው ይደውላሉ።

ስለዚህ ቤተሰቡ በልጆቹ የትምህርት ዕረፍት ወደ ትልቁ መዝናኛ ፓርክ ሄዶ አራት ቀን ሊያሳልፍ ሲወስን፣ ፋርማሲስቷን ፍርሃት ፍርሃት አላት። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ፓርኩ ግቢ ውስጥ ባለው ሆቴል ይረፉ ወይስ ከግቢው ውጭ ቤት ይከራዩ? ለእሷ ግን ጥያቄው የመኝታ አልነበረም፤ የእናቷ ነበር።

እማማ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ከሦስት ዓመት በፊት ሁሉም አብረው ሐይቅ ዳር ሄደው ነበር። ማረፊያው ከውኃው ይርቅ ስለነበር እማማ "እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚህ ይመቸኛል" ብለው፣ መስኮቱ ከግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጡ። ልጆቹ ሲመለሱ "እንዴት ነበር? ንገሩኝ እስኪ" ይሉ ነበር። ይህ ነገር የፋርማሲስቷን አንጀት እስከ ዛሬ ይበላዋል። አሁንም የፓርኩ ወሬ ሲነሳ እማማ ቀድመው "እኔ ቤት እጠብቃለሁ፤ ሸክም አልሆንባችሁም" ብለዋል። ልጃቸው ደግሞ በልቧ ምላለች፤ ዘንድሮ እናቷ ከሰው አፍ አይሰሙም፣ በዓይናቸው ያያሉ።

መፍትሔው ታዲያ ውስጥ ማረፍ ነው። የሆቴሉ ማስታወቂያ ላይ ያለው ቤተሰብ እኮ ከሆቴሉ በር እግሩን ሲያነሳ የሚያሳርፈው መጫወቻው ላይ ነው። እህቷም፣ የፋርማሲው ባልደረቦቿም በአንድ ቃል "ውስጥ ውስጥ ነው!" አሉ።

"በመረጃ እንነጋገር" አለ ኮሚቴው።

ከዚያ በኋላ ሆቴሉ ዕረፍት አጣ። ኮሚቴው ከሥራ በወጣ ቁጥር ይደውላል። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ድምፁን ከመልመዷ የተነሳ "ደህና ዋሉ ጌታዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን እንለካ?" እስከማለት ደረሰች። አንድ ቀን ፋርማሲስቷ ወጥ ቤት ሆና ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ባሏ ሳሎን ውስጥ ድምፁን አለስልሶ "የጫማሽ ቁጥር ስንት ነው?" ሲል ሰማች። ቢላዋውን እንደያዘች ብቅ አለች።

"ማንን ነው የጫማ ቁጥር የምትጠይቀው?"

"የሆቴሉን ልጅ። ከክፍሉ እስከ ሊፍቱ በእግሯ ለክታልኛለች፤ የእሷን እርምጃ ወደ ሜትር ልመልሰው ነው።"

"እና አልዘጋችብህም?"

"ሠላሳ ሰባት ነው አለችኝ። ጨዋ ልጅ ናት" አለና ጻፈው።

በዚህ መሐል ክፍሉ እያለቀ ነው። መጀመሪያ ስድስት ቀረ ተባለ፤ ከዚያ ሁለት። ፋርማሲስቷ "ያዝ! ዛሬውኑ ያዝ!" አለች። እሱ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አላት። በማግስቱ ሆቴሉ ሞላ።

"ይኸው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" ብላ የያዘችውን ፎጣ ወረወረችው። "ይሄ እኮ ሶፋ አይደለም! ማቀዝቀዣ አይደለም! እናቴ ናት! እንደገና ክፍል ተዘግቶባት ግድግዳ ስታይ ልትውል ነው!"

"ለእኛ አይሆንም ነበር" አለ በቀስታ። ኮሚቴ ጥናቱ ሳያልቅ መግለጫ አይሰጥም። ሁለት ቀን አኮረፈችው።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ ወደ ቤት ስትመለስ እናቷን ከሩቅ አየቻቸው። እማማ ቀስ እያሉ ወደ ሰፈሩ ሱቅ ይሄዳሉ። ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ባሏ ይከተላቸዋል። እማማ አጥር ሥር ያለው ድንጋይ ላይ አረፍ ሲሉ እሱ ከመብራት ምሰሶ ጀርባ ተለጠፈ፤ ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። እማማ ሲነሱ እሱም ተነሳ። ፋርማሲስቷ አፏን በእጇ ያዘች። አሥራ ሦስት ዓመት የኖርኩት የገዛ አማቱን ከሚሰልል ሰው ጋር ነው እንዴ?

ደርሳ ክንዱን ጨበጠችው። "ምን እየሠራህ ነው?"

"ዝም በይ፣ ቁጥሩ ይጠፋብኛል!"

ደብተሩን ነጠቀችው። የአንድ ወር ሙሉ ጉዞ ቀን በቀን ተጽፏል፤ እማማ ጠዋት ሁለት መቶ አሥር እርምጃ፣ ከሰዓት መቶ ሰማንያ፣ ቁልቁለት ላይ መቶ ሃያ፣ ከዚያ ዕረፍት። በሌላው ገጽ ሆቴሉ አለ። ግቢ ውስጥ ነው መባሉ እውነት ነው፤ ግቢው ግን አገር ያህላል። ከክፍሉ እስከ መጫወቻዎቹ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ነው፤ ግማሹ በመኪና ማቆሚያ መሐል የሚያልፍ ሲሆን መንገዱ ላይ አንድም መቀመጫ የለም። ከግቢው ውጭ፣ በፓርኩ የጓሮ በር በኩል ያለች አንዲት የኪራይ ቤት ግን ደረጃ አይወጣባትም፤ ከመጫወቻዎቹ መግቢያ የምትርቀው ሁለት መቶ ስድሳ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው፤ መንገዱ ላይ የአውቶቡስ ፌርማታ ወንበር አለ።

"ይሄንንስ ማን ለካልህ?"

"ራሴ። ባለፈው ማክሰኞ የመስክ ሥራ አለብኝ ያልኩሽ..." አለና ራሱን አከከ። "በአውቶቡስ ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ቤቷን ይዣታለሁ። ያልነገርኩሽ የጓሮው በር በዕረፍቱ ቀናት ክፍት መሆኑን በጽሑፍ እስኪያረጋግጡልኝ ነው።"

ንዴትና ፍቅር አብረው ሲመጡ ሰው የቱን እንደሚያስቀድም ይጠፋዋል። ፋርማሲስቷ መጀመሪያ ደብተሩን ደረቱ ላይ ወረወረችለት፣ ከዚያ መንገድ ላይ መሆኗን ረስታ አቀፈችው። በዚያው ቀን ኮሚቴው ስለ ቤቷ ለአማቱ አስረዳ፤ ስለ ክትትሉ ግን ትንፍሽ አላለም። እማማ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ "እንግዲያው ልሞክራ" አሉ።

ቀኑ ደርሶ ኪራይ ቤቷ ገቡ። በመጀመሪያው ጠዋት ኮሚቴው ደብተሩን ከፍቶ ከፊት ቀደመ። እማማ በአንድ እጃቸው ትልቋን፣ በሌላው ትንሿን የልጅ ልጃቸውን ይዘው ተነሱ። የፌርማታውን ወንበር ዞር ብለው ሳያዩት አለፉት።

"እማማ! ወንበሩ አለፈዎት!"

"ወንበሩን ምን ላድርገው?"

ሁለት መቶ ስድሳ ሁለት። በሩን ገቡ። አራት መቶ። ቀለም የተቀቡት የእንጨት ፈረሶች የሚዞሩበት ቦታ ደረሱ። ኮሚቴው አንዴ ደብተሩን፣ አንዴ አማቱን ያያል፤ ላብ አጠመቀው። "ይሄ... ይሄ ከመረጃው ጋር አይሄድም" አለ።

እማማ ዘወር አሉ። "የትኛው መረጃ? ያ ከኋላ ከኋላዬ እያልክ የጻፍከው?"

ኮሚቴው ደብተሩን ከጀርባው ደበቀ። "አይተውኛል እንዴ?"

"እኔ ጉልበቴን እንጂ ዓይኔን መቼ ታመምኩ! ጉልበቴስ ያመኛል፣ አልዋሽም። ግን ዘወር ባልኩ ቁጥር አንተ ምሰሶ ተደግፈህ ታለከልካለህ። ልጄ ደክሞታል፣ ትንሽ ይረፍ እያልኩ እቀመጣለሁ። ለካ እሱን ነው የምትጽፈው!"

ፋርማሲስቷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት አጥሩን ያዘች። አንድ ወር ሙሉ የተጠናው ድካም ግማሹ የራሱ የአጥኚው ነበር።

"ልጄ" አሉ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከምትከተለኝ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ አፍ አለኝ።"

በአቅራቢያው ያለው ወንበር ላይ ሄዶ የተቀመጠው ኮሚቴው ነው።

ይሁንና የታመመ ጉልበት መቼም የታመመ ነው። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ የእማማ እግር አበጠ። ፋርማሲስቷ "አለቀ፤ ከእንግዲህ ክፍል መቅረቷ ነው" አለች በሆዷ። እማማ ግን የኪራይ ቤቷን ቁልፍ ተቀብለው፣ ኮሚቴውን በዓይናቸው ገረፍ አድርገው "ማንም እንዳይከተለኝ!" ብለው ብቻቸውን ሄዱ። አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ፋርማሲስቷ በሩን በሩን ታያለች። ከዚያ መጡ። አሸልበው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ሻርፓቸውን ቀይረው፣ ማንም ሳይደግፋቸው ትኬታቸውን ለበር ጠባቂዋ አሳይተው ቀጥ ብለው ገቡ። ያ የሆቴሉ መንገድ ቢሆን ኖሮ በዚያ እግራቸው አይመለሱም ነበር። ቁጥሩ ቢሳሳትም ምርጫው አልተሳሳተም። ፋርማሲስቷ በእናቷ ኮራች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ ባሏን ፈለገ። ትንሿን ትከሻው ላይ አድርጎ ሰልፍ ይዟል፤ ከፊቱ ያለውን ሰልፈኛ በጣቱ እየቆጠረ ነው። በእሱም ኮራች።

በመጨረሻው ቀን እማማ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የእንጨት ፈረስ ሊጋልቡ ተሰልፈው፣ ፋርማሲስቷ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሳለ፣ አንዲት ወጣት እናት ሁለት ልጆች እየጎተተች መጣች። ከኋላዋ የመጡት አባቷ ትይዩ ያለውን ወንበር እንዳገኙ ዘፍ አሉበት።

"አባዬ፣ ከሰዓት በኋላ ክፍል ብትቀር ይሻልሃል" አለቻቸው ልጃቸው።

"እሺ ልጄ፣ እናንተ ተዝናኑ።"

ወጣቷ ወደ ፋርማሲስቷ ዞረች። "ግቢ ውስጥ ነው ብለን የያዝነው ሆቴል መንገዱ ገደለን። እናንተስ የት ነው ያረፋችሁት? ውስጥ ይሻላል ውጭ?"

ከሁለት ወር በፊት ቢሆን መልሷ የታወቀ ነበር። አሁን ግን ቀና አለች። "ባለቤቴን ልጥራልሽ" አለች። "የመሬት ቀያሽ ነው።" አንዳንድ ሴት "ባለቤቴ ሚኒስትር ነው" በምትልበት ድምፅ ነው ያለችው።

ኮሚቴው ደብተሩን ከኪሱ እየመዘዘ መጣ። ገጹን ገለጠ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ አፉን ሊከፍት ሲል ተወው። ደብተሩን ዘግቶ ሽማግሌው አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

"አባቴ፣ ሳያርፉ ምን ያህል ይራመዳሉ?"

ሽማግሌው ትንሽ አዩት። "እኔንጃ ልጄ። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።" ልጃቸው አቀረቀረች። "ና እስኪ፣ አብረን እንቁጠረው" አሉና ትከሻውን ተመርኩዘው ተነሱ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያሉ በዛፎቹ ሥር ሄዱ። ወጣቷ እናት ግራ ተጋብታ "ወዴት ነው የሚወስዳቸው?" አለች።

"አታስቢ" አለች ፋርማሲስቷ፣ ኩራቷ ከፊቷ አልደበቅ ብሏት። ከጎኗ ቦታ ለቀቀችላት። "ነይ ተቀመጪ። የእኔ ባል የጀመረውን ሳይጨርስ አይመለስም።"