ላይ ሰፈር ታች ነው

«አላውቅም» የምትለዋን ቃል ከአፉ አውጥቶ የማያውቅ ሰው በየሰፈሩ አንድ አንድ ይገኛል። መንገድ የጠፋበት እንግዳ ገና ጥያቄውን ሳይጨርስ የዚህ ሰው እጅ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። የሚፈለገው ቦታ ይኑር አይኑር ሌላ ጉዳይ ነው፤ መልስ ግን አይታጣም። እናንተም ታውቁታላችሁ። አሳስቷችሁም ቢሆን አመስግናችሁት ሄዳችኋል።

የዚህኛው ሰፈር ሰው ጋሽ ቀጥታ ይባላሉ። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቁት ባለቤታቸውና መታወቂያቸው ብቻ ናቸው። ዋናው መንገድ ለሁለት ከሚከፈልበት ማዕዘን ላይ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ይቀርጻሉ። ቁልፍ የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ነው ቢባል ግን ማጋነን አይሆንም። ክቡርነታቸው በሙሉ ልብ የሚሠሩት መንገድ መጠቆም ነው።

«ቀጥታ ነው» ብለው ይጀምራሉ። የሚጠየቁት ቦታ ከኋላቸውም ቢሆን ቀጥታ ነው።

«ቀጥታ ነው ልጄ፣ ምንም አያሳስትም። ድሮ ሲኒማ ቤት የነበረበት ጋ ስትደርሺ ወደ ግራ፣ የተቆረጠው ዛፍ ጋ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ዳቦ ቤቱን አልፈሽ...»

«የቱን ዳቦ ቤት?»

«የተዘጋውን ነዋ።»

አንድ ጊዜ አዳራሽ የሚፈልጉ የሙሽራ መኪኖችን እንዲሁ ቀጥታ ሸኝተዋቸው፣ ሙሽሮቹ የጣውላ መሸጫ ግቢ ውስጥ ገብተው ተገኙ። እዚያው ፎቶ ተነሡ። ከሠርጋቸው ፎቶ ሁሉ ያማረው እሱ ነው ይባላል፤ ይህን የሚሉት ግን ጋሽ ቀጥታ ራሳቸው ናቸው።

የስልክ ካርታ ሲመጣ ሰው ሁሉ የእሳቸው ዘመን አበቃ ብሎ ነበር። አላበቃም። ስልኩ «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» ሲል ጋሽ ቀጥታ አንገታቸውን በመኪናው መስኮት ያስገቡና ሹፌሩን «አትስማት፤ ለሰፈሩ አዲስ ናት» ይሉታል።

እንግዲህ ካርታ ሠሪዋ የመጣችው እኚህ ሰው ወደሚገዙት ማዕዘን ነው።

ከአደጋ መከላከል ቢሮ የተላከች ወጣት ናት። ባለፈው ክረምት ከወንዙ ማዶ ያለ አንድ ሰፈር በጎርፍ ተወስዶ ነበር። ሰው የሞተው መውጫ አጥቶ አልነበረም፤ የቱ መውጫ እንደሚያድን ስላላወቀ እንጂ። ካርታ ሠሪዋ ያኔ የጠፉትን ሰዎች ቤት በሳተላይት ፎቶ ላይ እየፈለገች ምልክት ታደርግ ነበር። ሁለተኛ እንዲያ ዓይነት ካርታ መሥራት አልፈለገችም። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ድሮን በሰፈሩ ላይ አበረረች፤ ኮምፒውተሩም የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ለክቶ ውሃው የሚተኛበትን ሰማያዊ፣ ደረቁን ቢጫ አድርጎ አወጣላት።

የመጀመሪያ ቀን፣ ታብሌቷ ውስጥ ሁሉ ነገር እያለ፣ ለትሕትና ያህል ጋሽ ቀጥታን ትምህርት ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ስትደርስ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ በኋላ አጥር በኩል ነበር የገባችው። በሆዷ የረገመቻቸው እዚያው ነው።

ትምህርት ቤቱ ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። ካርታውን በትልቅ ወረቀት አትማ እዚያ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችውና ሰው ሁሉ ቤቱን እየፈለገ ምልክት እንዲለጥፍ ጋበዘች። ጋሽ ቀጥታ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ብዙ ዞሩ፤ ከዚያ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አዞሩት።

«ተገልብጦ ነበር» አሉ።

«ሰሜን ወደ ላይ ነው የሚሆነው፣ ጋሼ።»

«የማን ሰሜን?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ካርታው ተገልብጦ ነው የተነበበው።

ሙከራው በሳምንቱ ተደረገ። በየስልኩ መልእክት ተላከ፦ «የጎርፍ ሙከራ። አሁኑኑ ወደ ላይ ውጡ።» ካርታ ሠሪዋ የድምፅ ማጉያዋን ይዛ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ጠበቀች። የመጣው ከታክሲ ተራው አጠገብ ቤት የተከራየ አንድ አዲስ ሰውዬ ብቻ ነው፤ ላብ በላብ ሆኖ።

«ሰው የለም እንዴ?» አላት።

ቁልቁል ስታይ ሰው አለ። ሰፈሩ በሙሉ፣ ሕፃን ታዝሎ፣ ለአዛውንት ወንበር ተይዞ፣ ሳይጋፋ፣ ሳይንጫጫ፣ ወንዙ ዳር ያለው ኳስ ሜዳ ላይ ተሰብስቧል። እንዲህ ያማረ ሰልፍ ቢሮው አይቶም አያውቅ። ማዕዘኑ ላይ ጋሽ ቀጥታ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቆመው የቀረውን ሰው በእጃቸው ያስተላልፋሉ። ኳስ ሜዳው በካርታው ላይ ከሰማያዊም ሰማያዊው ቦታ ነበር።

እየሮጠች ወረደች።

«ጋሼ፣ ወደ ላይ ነው እኮ የተባለው።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ላይ ሰፈር ነዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር። ድሮ የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚነሣው ከወንዙ ዳር ነበርና መነሻው ላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ያለው መድረሻው ደግሞ ታች ተባለ። አውቶቡሱ ሄደ፣ ስሙ ቀረ። እዚህ ሰፈር ሰው «ታች ወጥቼ መጣሁ» ቢል የሚስቅበት የለም።

ካርታ ሠሪዋ ታብሌቷን አውጥታ አሳየቻቸው። ሜዳው ሰማያዊ። ሱቋ ሰማያዊ። ከሜዳው ጀርባ ያለው የገዛ ቤታቸው፣ እግራቸውን የሚያማቸው ባለቤታቸው ቀኑን ሙሉ ልብስ የሚሰፉበት ክፍል፣ ሰማያዊ። ጋሽ ቀጥታ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ያየ ሰው ስላልነበረ አጠገባቸው የቆሙት «አመማቸው እንዴ?» ተባባሉ።

«እኔ ነኝ የላክኋቸው» አሉ ቀስ ብለው። «ውሃው የእውነት ቢሆን ኖሮ?»

«የእውነት አልነበረም፣ ጋሼ። ሙከራ የምናደርገውም ለዚህ ነው። ደግሞ መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ወደ ታች በይዋ እንግዲህ።»

«አዲሱ ተከራይስ? ወደ ታች ካልኩት ወንዝ ውስጥ ነው የሚገባልዎ።»

በማግስቱ ካርታ ሠሪዋና ጋሽ ቀጥታ በእሳቸው ቤት ተቀምጠው አዲስ መልእክት ይጽፉ ጀመር። ክቡርነታቸው የመጀመሪያውን ረቂቅ አነበቡ። «ቀጥታ» ይልና ሲኒማ ቤቱን፣ የተቆረጠውን ዛፍና የዳቦ ቤቱን ሟች ባለቤት ያካትታል።

ባለቤታቸው ከስፌት መኪናቸው ላይ ቀና አሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሃ እያባረረው የፈረሰ ሲኒማ ይፈልግ?»

«ምልክት ያስፈልገዋላ።»

«ምን ምልክት ያስፈልገዋል? ወንዙ የት እንዳለ የማያውቅ የለም። ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ይሂድ።» ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ካርታ ሠሪዋ ጣቷ ታብሌቱ ላይ እንዳለ ቀረ። የባለቤታቸው አባባል «ላይ» የለበትም፣ «ታች» የለበትም፣ ቀኝና ግራ እንኳ የለበትም። ግን ቆንጆ ስለሆነ ብቻ አልላከችውም። እያንዳንዱን ቤት በካርታው ላይ እየነካች፣ ጀርባዋን ለወንዙ ሰጥታ፣ መንገዱ የት እንደሚያደርሳት ተከተለች። ከሁሉም ቤት ወደ ኮረብታው ያወጣል። ከጣውላ መሸጫው ጀርባ ካሉት ቤቶች ብቻ መንገዱ የመሸጫው አጥር ላይ ያበቃል። አጥሩ የብረት በር አለው፤ በሩ ግን ሁልጊዜ ይቆለፋል።

ጋሽ ቀጥታ የዚያን ለታ መንገድ አልጠቆሙም። የጣውላ መሸጫውን ባለቤት ሲለምኑ ዋሉ፤ ሰውየው በመጨረሻ በሙሽሮቹ ወሬ ይሁን በጎርፉ ስጋት ተሸንፎ እሺ አለ። ከዚያ በሯ አጠገብ ተቀምጠው ለየቤቱ ቁልፏን ቀረጹ። ካርታ ሠሪዋ አጠገባቸው ቆማ ቁልፎቹን እየሞከረች ታቀብላቸው ነበር። ያልከፈተ አንድም አልነበረም። እጃቸው እንዲህ ልክ መሆኑን ስታይ ገረማት፤ ሰው እኮ የሚያውቃቸው በሌላው፣ መንገድ በሚጠቁመው እጃቸው ነው።

ክረምቱ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከተራራው በኩል ሰማዩ ጠቆረና ወንዙ ድምፁን ቀየረ። ስልኮቹ ሁሉ አንድ ላይ ጮኹ፦ «ጎርፍ። ጀርባችሁን ለወንዙ ሰጥታችሁ ሂዱ።» ጋሽ ቀጥታ መጀመሪያ ባለቤታቸውን ከነወንበራቸው በጎረቤት አሸክመው ላኩ፤ ከዚያ ማዕዘኑ ላይ ዝናብ እየወረደባቸው ቆሙ። ካርታ ሠሪዋ ከትምህርት ቤቱ በር ሆና ታያቸዋለች። የሚያልፈውን ሁሉ ትከሻውን ይዘው ፊቱን ወደ ኮረብታው ያዞሩታል። አንድም ቃል አይጨምሩም። ውሃው ጉልበታቸው ሲደርስ በድምፅ ማጉያዋ ጠራቻቸው።

«ጋሽ ቀጥታ፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ይምጡ።»

መጡ። ምሽቱን ላይ ሰፈር እስከ መስኮቱ ውሃ ውስጥ ነበር፤ ኳስ ሜዳው ሐይቅ ሆኗል። ሰዉ ግን ሁሉም ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ተጠጋግቶ፣ እርጥብ ልብሱን እየጨመቀ፣ ስለ ጠፋ ዶሮ ይጨቃጨቃል። ካርታ ሠሪዋ ታብሌቷን ከፍታ ምልክት የምታደርግበት ቤት ፈለገች። አልነበረም። ዘጋችው።

«ሱቅዎስ፣ ጋሼ?»

«ወንዙን ተከትላ ሄዳለች» አሉ ባለቤታቸው ያቀበሏቸውን ደረቅ ፎጣ እየተቀበሉ። «ቀጥታ።»

ባለቤታቸው ሳቁ፤ ሰዉም ሳቀ።

ካርታ ሠሪዋ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰፈር ተልካለች። ቢሮው የማያውቀው አንድ አዲስ ልማድ አውጥታለች። ታብሌቷን ከቦርሳዋ ሳታወጣ አንድ ማዕዘን ላይ ትቆምና አሁን ያለፈችውን ቦታ የት ነው ብላ ትጠይቃለች፤ ከዚያ ማን ለመጠቆም እንደሚነሣ ታያለች፤ ጎርፍ ሲመጣ ሰፈሩ የሚከተለው ያንን ሰው ነውና።

ባለፈው ሰሞን በአንድ ሰፈር ጤና ጣቢያው የት ነው ብላ ጠየቀች። ጤና ጣቢያው ከጀርባዋ ነበር። ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ ከዱካቸው ላይ ብድግ አሉ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ክንዳቸውን እስከ ጫፉ ዘርግተው ወዲያኛው ዳገት ላይ አነጣጠሩ።

«እዚያ ጋ ነው፣ የኔ ልጅ፤ ቶሎ በይ፣ ሳይዘጋብሽ።»

ከልቧ አመሰገነቻቸው፤ ከዚያ እየሳቀች ዳገቱን ተያያዘችው።