ከፕላስቲክ አበባው በቀር

…እሱን እኮ ነው የምልህ። አበባው ቀይ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ እኔ አመድ። ፎቶ ቤት ጥግ ዓመት ሙሉ አቧራ ሲጠጣ የኖረ የፕላስቲክ አበባ እኮ ነው። እሱ ነፍስ ዘራ፣ የኔ ወጣች።

ምን ፎቶ ቤት ወሰደህ አትለኝም? ሰዓዳን ልጠይቅ ወግዲ ሽማግሌ ልኬ የለ? አባቷ ሸህ ሙሄ ደህና ሰው ናቸው፣ እምቢ አላሉም። ብቻ ቤተሰቡ ልጁን አላየውም፣ ፎቶውን ላኩልን አሉ። እኔም ከሥራ ቀርቼ፣ ሰማያዊ ኮት ተውሼ፣ እዚሁ መካነ ሰላም አበባው ጎን ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ። የኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ናት፣ ፎቶ የት ታውቃለች? ፎቶ አንሺውን ለሰዓዳ ወንድም በቴሌግራም ላክልኝ ብዬ ቁጥሩን ሰጠሁትና ወደ ድንጋይ ሸክሜ ተመለስኩ።

ለካ ፎቶ አንሺው ኤዲቲንግ ለምዶልኛል። ሁሉን ጥቁርና ነጭ አድርጎ አበባውን ብቻ በቀለሙ ተወው። ሰው ሲሞት ፌስቡክ ላይ እንዴት ነው የሚለጥፉት? ልክ እንደሱ። አክስቷ ገና ስታየው አላህ ይዘንለት፣ ምነው በልጅነቱ ብላ መሬት ቁጭ አለች አሉ። ጎረቤት ሰማ። ሁለት ሴቶች ሰዓዳን ሊያጽናኑ መጡ። እሷ ኧረ ትናንት በስልክ አውርተናል ትላለች፣ እነሱ ሀዘኑ ነው የሚያስቀባዥራት ይላሉ።

ሄጄ ፎቶ አንሺውን ተጣላሁት። ፋሽን ነው አለኝ። ዓይን ወደ አበባው እንዲሄድ ነው አለኝ። ሰዓዳን የሚድሩት ለአበባው ነው ወይ? ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጥኩት ለኔ የገባኝ ለሱ እንዴት አይገባውም? ሰማያዊ ነው ብዬ ስንት ለምኜ የተዋስኩት ኮትስ? በቃ ባለ ቀለሙን ስጠኝ ስለው አጥፍቼዋለሁ አይለኝም መሰለህ?

ዛሬ ጠዋት ሸህ ሙሄ ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው ቀዝቀዝ ብሏል።

«ልጄ፣ እኔስ በሕይወት መኖርህን አውቃለሁ። ሴቶቹ ግን የሞተ ሰው ፎቶ ቤታችን ገባ፣ ጥሩ ነገር አይደለም ብለው ልጅቱን ከልክለዋል። ዛሬውኑ መጥተህ ካልታየህ ሽማግሌዎችህን አታድክማቸው።»

ዛሬውኑ አሉኝ። ፎርማኑ ደግሞ አንድ አይሱዙ ሙሉ ሲሚንቶ ሳታራግፍ አትሄድም አለ። አራገፍኩ። ልታጠብ ብል ቧንቧው ደርቋል። እንዲሁ እየሮጥኩ መናኸሪያ መጣሁ፣ የወግዲ መኪና ይቺ ብቻ ናት የቀረችው።

ቆይ አንዴ… እሺ፣ መጣሁ በለው… ሹፌሩ ነው። ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ ሲሚንቶ ነኝ ስልህ። አቧራው ያቀላው ዓይኔ ብቻ ነው ቀለም ያለው። በቃ ስልኩን ልዝጋው፣ መኪናዋ ተነሳች።