አያ ጥሩነህ ከገጽ ሁለት እንዴት እንደተነሡ

ለሌላው «አይፈቀድም» ሲል ዕድሜውን የፈጀ ሰው፣ አንድ ቀን ለራሱ «አይፈቀድም» ሲባል ዓለም የተበላሸች ይመስለዋል። አትሳቁ! ሠላሳ ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። በእኔ ዘመን አንድ ፋይል በአንድ ሠራተኛ ስም ወጥቶ ከሆነ፣ እስኪመለስ ድረስ ሌላው ያነበዋል እንጂ እስክሪብቶ አያሳርፍበትም። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔው ነኝ። (በትሕትና ነው የምናገረው።)

ጡረታ ስወጣ ልጄ ይታይሽ ኮምፒውተር ገዛችልኝ። አንድ የማስኬጃ ሲስተም አልበቃ ብሏት ዊንዶውስንም ሊኑክስንም በየተራ እንዲሠሩ ጫነችበት። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» አይደል የሚባለው? ዲስኩንም ከፋፍላ አንዱን ክፍል የሁለቱ የጋራ አደረገችው። ጽሑፎቼ ሁሉ የሚቀመጡት እዚያ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ሴት ልጅ ለልጃቸው ለማጨት ከአዘና ሽማግሌዎች ወደ እኛ ወደ እንጅባራ ይመጡ ነበር። መቼም ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። የሁለቱን ወገን ሐረግ ቆጥሬ፣ ቆሜ እንዳነብና ለየወገኑ ቅጂ እንድሰጥ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ዋዜማውን በዊንዶውስ ጽፌ ጨረስኩ። ጠዋት ለማተም ሊኑክሱን ከፈትኩ፤ እርሱ ፈጥኖ ይነሣላ።

ባለቤቴ ወይዘሮ አለምነሽ ብቅ አለች።

«አያ ጥሩነህም ይመጣሉ አሉ። የፊት ወንበር ይያዝላቸው።»

«የትኛው አያ ጥሩነህ?»

«የሚያጫት ልጅ አያት ናቸዋ!»

ወገኖቼ... ገጽ ሁለት ላይ «ነፍሳቸውን ይማርና» ብዬ ቀብሬያቸዋለሁ! በሕይወት ያሉ አያት በልጅቱ ወገን አፍ ሲቀበሩ ሰምቶ ልጁን የሚድር ቤተ ዘመድ የት ይገኛል?

ቃሉን ልሰርዝ ስሞክር ኮምፒውተሩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ማንበብ ይችላሉ፤ መጻፍ ግን አይፈቀድልዎትም! ራሴ የጻፍኩትን! በገዛ ቤቴ!

«በእስክሪብቶ ሰርዟት በቃ» አለች ባለቤቴ።

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ከእኔ እጅ ወጥቶ አያውቅም!»

«እንግዲያው አያ ጥሩነህ ይሙቱልዎታ!»

ሽማግሌዎቹ ሊደርሱ አንድ ሰዓት ቀርቷል። ዳንግላ ለምትሠራው ለይታይሽ ደወልኩ።

«አባባ፣ ትናንት ዊንዶውስን ዘግተውት ነው ወይስ አስተኝተውት?»

«ካቆምኩበት እንዲያስቀጥለኝ ጥልቅ እንቅልፍ የሚለውን ተጫንኩ።»

«ይኸዋ! የጋራውን ክፍል በእጁ እንደያዘ ነው የተኛው። አስረክቦ እስኪወጣ ሊኑክስ ያነባል እንጂ አይጽፍም። ሁለቱም ቢጽፉበት ፋይልዎ ይበላሻል።»

ደንቡን አውቀዋለሁ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም...

ወደ ዊንዶውስ ተመልሼ ቀሰቀስኩት፤ አያ ጥሩነህን ከሙታን መካከል አወጣኋቸው፤ ከዚያም በወጉ ዘጋሁት። ሊኑክሱም ያለ አንዳች ማጉረምረም አተመልኝ። ስማቸውን ሳነብ አያ ጥሩነህ ከፊት ወንበር ከዘራቸውን አንሥተው «አለሁ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብቻ ላብ በላብ ሆንኩ። ሐረጉም አልተገናኘም፤ ልጅቱ ታጨች።

ማታ ባለቤቴ ኮቴን ስትሰቅል ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ቃጨለባት።

«ይኼ የምን ቁልፍ ነው?»

«የ... የመዝገብ ቤቱ ሦስተኛ ቁም ሳጥን።»

«ጡረታ ከወጡ አራት ዓመትዎ! አንቱም እኮ ተኝተው ነው እንጂ ተዘግተው አልወጡም!»

ሰኞ ማለዳ ቁልፉን ይዤ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። እኔ ባለመኖሬ ስንት ጉዳይ ተቆልፎ እንደኖረ እያሰብኩ፣ የርክክብ ሰነዱን በሁለት ቅጂ አስፈረምኩ። አዲሷ ኃላፊ ቁልፉን ተቀብላ በአክብሮት ወደ ሦስተኛው ቁም ሳጥን መራችኝ። በር የሚባል የለውም።

«ጋሼ፣ እርስዎ በወጡ በሳምንቱ ነው የገነጠልነው» አለችኝ።

ያለ ማንም ፈቃድ!