የመጋዙ መንገድ

ትናንት ከቀትር በኋላ የኤሌክትሮኒክ ቦርዶች ሰዎችን በፋብሪካ ሲያሠሩ በሕልሜ አየሁ።

በውኑ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ፋብሪካው ትንንሽ ቦርድ ለየብቻ አልሠራም ስላለ፣ የሦስታችንን ንድፍ በአንድ ፓነል፣ ኋላ በመጋዝ በሚቆራረጥ ትልቅ ሰሌዳ ላይ የማጣመሩ ሥራ በእኔ ላይ ወድቋል። አንዱ ለወይዘሮ አትጠገብ የጫጩት ማስፈልፈያ፣ አንዱ ለመምህር ውቤ የትምህርት ቤት ደወል፣ የእኔው ደግሞ ለአባቴ ጆሮ ድምፅ ማጉያ ነው። የንድፉ ፋይል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተላከ ተራችን ለሌላ ይሰጣል።

በሕልሜ ግን ሦስቱ ቦርዶች ጠረጴዛ ከበው ስለ እኛ ይከራከሩ ነበር። ሰው ለየብቻ አይሠራም ተባለና አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ አስተኙን። ወይዘሮ አትጠገብ አልገባ ስላሉ ራስና ግርጌ አደረጓቸው፤ እግራቸው ጆሮዬ ሥር መጣ።

«ጠጋ በሉ» አለ መነጽር ያደረገው የደወሉ ቦርድ። «ጠጋ፣ ጠጋ።»

ጠጋ አልን። የመምህር ውቤ ክንድ ጎኔ ውስጥ ገብቶ ይቅርታ ይጠይቁኝ ነበር። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ መቼ እንደምንወጣ ይጠይቃል፤ መልሱን ግን አይሰማም።

ከዚያ መጋዙ ገባ። ክራባት ያሰረ ጨዋ ሽማግሌ ነበር። ለሦስታችንም እጅ ነሳ፣ ሊለያየን እንደ መጣ ነገረን፣ ወዲያ ወዲህ አየና ቆመ።

«መንገዴ በየት በኩል ነው?»

ቦርዶቹ ተያዩ።

«በዚህ ካለፍሁ የመምህሩን ክንድ ይዤ መሄዴ ነው። እባካችሁ ትንሽ ፈቀቅ በሉልኝ።»

ቦርዶቹ መዝገበ ቃላት አስመጥተው ገለበጡ። «ጠጋ» ሃያ ገጽ ይዟል። «ፈቀቅ» የሚባል ቃል በዚያ አገር አልነበረም። መጋዙ ይቅርታ ጠየቀና መሽከርከር ጀመረ። ባለ በሌለ ኃይሌ «ፈቀቅ!» ብዬ ጮኽሁ።

ነቃሁ። ወደ ኢንተርኔት ቤት የሚወስደን ታክሲ ውስጥ፣ ለሁለት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ፣ በወይዘሮ አትጠገብና በመምህር ውቤ መካከል ነኝ።

«ወዴት ነው ፈቀቅ የምንለው?» አሉ መምህር ውቤ።

ጉልበቴ ላይ ያለውን ላፕቶፕ ከፈትሁ። ሦስቱ ቦርዶች ጎን ለጎን ተጣብቀዋል። ለመጋዙ ማለፊያ መተው ረስቻለሁ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነው። የፓነሉ ጠርዝ ላይ ትርፍ ቦታ ነበረና ሁለት ሁለት ሚሊሜትር ፈቀቅ አደረግኋቸው።

ታክሲው ቆመ። ረዳቱ አንዲት ሴት ከነዘንቢላቸው እያስገባ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጠጋ በሉ አለን።

«ራስና ግርጌ እንሁንልህ?» አሉት ወይዘሮ አትጠገብ።

ጠጋ አልን።