ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ዐቃቤ ሕግ

ልጄ እንዳለቀለት የገባኝ ዐቃቤ ሕጉ ለባለወፍጮው ወንበር ሲስብለት ነው። እናንተዬ፣ ለተከሳሽ ወንበር የሚስብ ዐቃቤ ሕግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ በቢሮው ክፍት በር አየሁ። የገበሬውን ማዳበሪያ በስውር ሸጦ ለተያዘው ሀብታም የታሸገ ውሃ ቀረበለት፤ ማዳበሪያውን የጫነው መኪና ሾፌር የሆነው ልጄ ግን ኮሪደሩ ላይ በካቴና ቆሟል።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልሁት ዘበኛውን።

«ድርድር ነው፣ እትዬ። ባለወፍጮው ጥቂቱን ካመነ ቅጣቱ ይቀልለታል። የቀረው በሾፌሩ ላይ ነው።»

ቅናት አንጀቴን በላው። የድሃ ልጅ ጠቅላላውን ሲሸከም፣ ሀብታም ጥፋቱን እንደ በርበሬ እየመረጠ ያምናል? ድርድር ከሆነማ እኛስ ዕርቅ መች አጣን! የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መለመኑ የአገራችን ደንብ አይደል? ከግቢው አንድ ድንጋይ አንስቼ ጫንቃዬ ላይ አድርጌ በሩ ላይ ተንበረከክሁ። ዘበኛው ልወረውር መስሎት ጮኸ፤ ባለጉዳይ ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ።

«እናቴ፣ ያውርዱት እንጂ! የማንን ጥፋት ነው የተሸከሙት?» አለ ዐቃቤ ሕጉ ደንግጦ።

«የልጄን፣ ጌታዬ። ማዳበሪያውን ጫን ቢሉት ጫነ።»

«ማን ነው ጫን ያለው?»

«እኒህ ከርስዎ ጋር የሚሳሳቁት ናቸዋ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ለካ ልጄን እስከዚያች ሰዓት የጠየቀው አልነበረም! ዐቃቤ ሕጉም ሰው እያየው ምን ያድርግ፣ ጠየቀው። ልጄም ያየውን ተናግሮ፣ በባለወፍጮው ላይ ምስክር ተደርጎ ተፈታ።

ባለወፍጮው አሁንም እየተደራደረ ነው፤ ቅናቴም አልበረደም። ግን ልጄን ይዤ ሉማሜ ቤቴ ገብቻለሁ። ተርፈናል።